እማዬ «ወዬ» ስትል

ወንድሜ መሳፍንት፣ ሰላምታዬ ከይጁቤ ተነስቶ ያለህበት ቤተ ሙከራ ድረስ ይግባልህ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ ታጭዷል፤ ላሟም ወልዳለች።

በስልክ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። በሴል ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ መልእክት ሰምቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ቦታው የሚመልሰው ፕሮቲን ከጎደለ ግን እዚያው ቀርቶ፣ ከውጭ የሚጠራው ሳይኖር፣ የሰማውን ማስተላለፉን ይቀጥላል ብለኸኝ ነበር።

እማዬ ማንም ሳይጠራት «ወዬ» ማለት ጀምራለች። «ማን ጠራሽ?» ስላት፣ «መሳፍንት ነዋ፣ ጆሮ የለሽም?» ብላ ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

ከማክሰኞ ወዲህ «አቤት» ነው የምትለው። አያታችን ካረፉ ጀምሮ እሷ «አቤት» የምትለው ታላቅ እዚህ ቤት የለም።

ለጥምቀት ትመጣለህ ብያት ነበር፤ ከቻልክ ቀደም በል።

እስክንተያይ ጤናህን ያቆይልን።

እህትህ ሥራነሽ