በሽመና ክፍል ሹክሹክታ የለም

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እጮኛህና ቤተሰቦቿ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትህ በስተቀር» ይባላል፤ እኔ ግን ያለ ምንም በስተቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ። ይህን የምነግርህ መጠየቁን ስለረሳኸው ነው።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሰርግህን በዚያ በአሮጌው የፊልም ካሜራዬ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ እንዳነሳልህ ፈልገሃል። እማዬ ደግሞ ሕዝቡና ጫጫታው እንዳያደክማት ቤት ብትቆይ ይሻላል ብለሃል። ጫጫታ! ጆሮዋን ሽመና ክፍል ትታ የወጣችን ሴት ጫጫታ ምን ያደርጋታል? እስቲ ሌላ ሰበብ ፈልግ፤ አንተ እኮ ሰበብ አያልቅብህም።

ለምን እንዳልደወልኩልህ ይገባሃል ብዬ ነበር። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። እዚህ ቤት ስልክ ሳነሳ እማዬ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ከንፈሬን ታነባለች። ወደ ግድግዳ ዞሬ ባወራ ደግሞ ምን ደብቀሽኝ ነው ብላ ታኮርፋለች። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል። የምጽፍልህም መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ፎቶ በማጥብበት ቦታ፣ ቀይ አምፖል ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ብርሃን ከገባ ፎቶው ይበላሻል ብዬ ስላስፈራራኋት እማዬ ይህን በር አትከፍትም።

አንተ ስለ እኔ ስታወራ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። ስኬትቦርድ ጀመረች፣ ስኬትቦርዱን ሳትጨርስ ካሜራ፣ ካሜራውን ሳትጨርስ ከበሮ፤ ይኸው አሁን ደግሞ የአሮጊቶች ታሪክ ትለቅማለች፣ ትል ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ከፀጉራቸው ሲለቅሙ የኖሩ ሴቶች ምን ታሪክ አላቸው ብለህም ታውቃለህ። ያኔ መልስ የሰጠችህ እማዬ ነበረች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እሷ አራት ተክላለች፣ አንተ ስንት ተከልክ? አለችህ።

ለእኔ ግን አራቱም አንድ ነገር ነበሩ። ስኬትቦርድ የተማርኩት በተዘጋው ፋብሪካ ወለል ላይ ነው፤ ያስተማርከኝም አንተ ነህ፤ ይህን አልክድህም። እዚያ ስንሸራተት ነው አንድ የቀረውን የሽመና ማሽን ያየሁት። ማሽኑን ፎቶ ሳነሳ ሴቶቹን ማወቅ ፈለግሁ። ሴቶቹ ሲያወሩ ደግሞ ጣታቸው ጠረጴዛውን በማሽኑ ምት ይመታል፤ ያን ምት ይዤ ሄጄ ከበሮ አደረግሁበት። አሮጌው መካኒክ ማሽኑን ቀባብቶ አንድ ቀን ሲያስነሳልኝ ድምፁን ቀዳሁት። የእኔ ሙዚቃ ከዚያ የመጣ ነው፤ ከሌላ ከየትም አይደለም።

ያ ክፍል እንዴት እንደነበረ አንተም ታውቃለህ፤ አጥር ላይ ተንጠልጥለን የእማዬን ፈረቃ ስንጠብቅ ነው ያደግነው። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ሴቶቹ ከወዲያ ማዶ እስከ ወዲህ ማዶ በከንፈር ያወሩ ነበር። አፋቸውን ከፍተው፣ ቃሉን ለይተው። ያማሉ፣ ይተርታሉ፣ ይሳደባሉ፤ አንዲት ድምፅ ሳይወጣ። ከንፈሩን በሪዙ የሸፈነውን ያን ተቆጣጣሪ «መጋረጃው» ያሉት ምን እንደሚል ስለማይታያቸው ነበር። አባታችን ጠዋት ጠዋት ሪዙን ተላጭቶ የሚወጣውም ለሥራ ብሎ አልነበረም፤ እማዬ ቻው ሲላት እንድታየው ብሎ ነው። እኛም እራት ላይ አፋችንን ከፍተን ስንናገር ጎረቤቶች እንደ ሞኝ ያዩን ነበር።

ስለዚህ ፋብሪካው አዳራሽ ሆኖ አንተ የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ስትሆን፣ ፎቶዎችሽንና ድምፁን ስጪኝ ስትለኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በመጨረሻ ገባው አልኩ። ለእማዬ ጥሪ አለመላክህን ስጠይቅህ ቦታው ጠባብ ነው አልከኝ። ሙሉ ፈረቃ ከነማሽኑ የሚይዘው ክፍል ለአንዲት ቀጭን ሴት ጠበበ! እኔ ግን ይዣት መጣሁ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የአባዬን ስጦታ ሻርፕ ደርባ፣ ልጄ ይህን ሁሉ ሰው ሰበሰበ እያለች።

በትልቁ ካሳተምከው ፎቶዋ ፊት ቆመች። ያ መካኒኩ ማሽኑን ባስነሳልኝ ቀን፣ አጠገቡ ቆማ አፏን ገርበብ አድርጋ ጓደኛዋን ስትጠራ ያነሳኋት ነው። ከሥሩ የጻፍከውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «አንዲት የሽመና ክፍል ሠራተኛ» ይላል። ምን ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ፎቶው ጥሩ ነው፤ ቀሚሴ ግን ተጨማዷል፣ ብላ አለፈችው። ከዚያ መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ሙዚቃዬን በእጇ ሰማችው። ይሄ ጥጉ ላይ የነበረው ማሽን ነው፣ ሁልጊዜ ያነክስ ነበር፣ ብላ ሳቀች።

እንግዶችህን ለማዝናናት ግድግዳው ሥር ያስደገፍኩትን ስኬትቦርድ ያነሳኸው ያን ጊዜ ነው። ከነሙሉ ልብስህ ወለሉን አቋርጠህ ስትሸራተት አጨበጨቡልህ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታህ ነበር። እጇን ከድምፅ ማጉያው አነሳችና እግሯን አየች። መጣ፣ አለች። ወለሉ ነግሯት ነው። የእኔን ጎማና የአንተን ጎማ በእግሯ ትለየዋለች፤ አንተ ሁለቴ ገፍተህ ተረከዝህን ትጎትታለህ። ደስ ብሏት፣ ፊቷ በርቶ ወደ አንተ ዞረች።

አንተ የእጮኛህ አባት ፊት ወርደህ ቆምክ። ሰውየው በአገጩ ወደ እማዬ እያመለከተ ጠየቀህ። የእኔ ሙዚቃ ጮክ ብሎ ስለነበር አፍህን ከፍተህ፣ ቃሉን ለይተህ መለስክለት፤ ልክ እራት ላይ እንደተማርነው። ከድሮ ሠራተኞቹ አንዷ ናት አልክ። እሺ፣ ይህስ ውሸት አይደለም። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀህ። ጥያቄውን አላየሁትም፤ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶኛል። መልስህን ግን አየሁት። ሁለት ቃል ነው። ልጽፈው ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰውየውም ትከሻህን ያዝ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

ተሳስቼ ነው አልኩ። ከሩቅ ነው፣ መብራቱ ነው አልኩ። ከዚያ እጮኛህ መጣች። በእሷ ቂም የለኝም፤ ልቧ ደግ ነው። አቅፋኝ፣ አጠገቤ የቆመችው አሮጊት እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት ብቻ የሚባለውን ቃል አለችኝ። እናታችሁን ሳላውቃቸው በመቅረቴ ቆጨኝ ስትልም ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሮጊቷ አፍ አፏን እያየቻት ነበር። እማዬ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? የልጅቷን ጉንጭ ዳበስ አደረገቻት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእማዬ ጆሮ ባዳ ከሆነ ቆየ፤ ዓይኗ ግን የሥጋ ዘመዷ ነው። እንዴት ይህን ትረሳለህ? ከሰው ሁሉ አንተ!

ወደ ቤት ስንሄድ አንተና ሰውየው ምን ትባባሉ እንደነበር ጠየቅኋት። ዓይኗን ሳታሽ፣ ያቻት እናቴ፣ ለዚህ ያበቃችኝ እሷ ናት አለው፣ አለችኝ። እኔም አዎ፣ አይቻለሁ አልኳት። ሁለታችንም አየን፤ ሁለታችንም ዋሸን። አንተ የጀመርከውን ውሸት ተረዳድተን ቤታችን ድረስ ተሸከምንልህ። እሷ ሆድ ይፍጀው ብላለች። የእኔ ሆድ ግን አልፈጀውም፤ ያቃጥለኛል።

የሠፈሩ ልጆች አሁንም በበራችን ይሸራተታሉ። ድሮ ጎማ ሲመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ ታሳርፍ ነበር፤ አንተ እንደሆንክ ብላ። አሁን እግሯን አንስታ በርጩማ ላይ ታደርጋለች። ለምን ስላት ቀዘቀዘኝ ትላለች።

እንግዲህ መልሴን ስማ። ሰርግህን አላነሳም። ካሜራዬ ፊቱ የቆመውን ሰው ነው የሚያነሳው፤ ልትደብቀው የፈለግከውን ሰው እየዘለለ ማንሳት አያውቅበትም። ከዚያ ግድግዳ ላይ ወይ ፎቶዎቼን አውርድ፣ ወይ ስሟን ጻፍበት፤ ስሟንና የማን እናት እንደሆነች። ለእጮኛህ እኔ አልነግራትም። ይህ የአንተ አፍ ያወጣው ነው፤ የአንተ አፍ ይመልሰው። ከሰርጉ በፊት ና። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ ፊት ለፊቷ ቁም። ድምፅ አያስፈልግህም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ እማዬ በሩን አንኳኳች። ከፍቼ ለአንተ እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳት። ትዳሩ ይባረክ፣ ክፉ አይንካው፣ ወልዶ ይሳም በይልኝ አለች። ምርቃቷን እንዳለ አስተላልፌልሃለሁ፤ አንዲትም አልቀነስኩም። እኔ በበኩሌ ፈጣሪ ልብ ይስጥህ።

ሌላ የምትይው የለም? አልኳት። ትንሽ አሰበች። የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ ሪዙን ያሳድግ በይው፣ ያምርበታል፣ አለችኝ።

እህትህ