ቡላን ይዤ የት ልግባ

ሐምሌ 4
ዛሬም ዘነበ። ዛሬም ወጣን። ዶክተሩ "ለስኳርሽ በቀን አንድ ሰዓት ተራመጂ" ካለኝ ዓመት አለፈኝ። ብቻዬን ሁለት ቀን እንኳ አልዘለቅኩም። ይሄ ውሻ ከመጣ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። ለሱ ሰበብ አይሠራማ... መልኩ ቡላ ስለሆነ ቡላ አልኩት፤ በክረምት ግን መልኩን ያየው ሰው የለም። ጭቃ ነው።

የቡታጅራ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። አንድ እግሬ በካልሲ ቀረ። እሱ ደግሞ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ አንድ የበሰበሰ ነገር አግኝቶ ጀርባውን አሸበት። ምን እንደነበር እግዜር ይወቀው። አፍንጫዬን ይዤ እየሳቅኩ ተመለስኩ።

ባጃጅ ነጂው ሙባሪክ አጠገቤ አቆመ። "ቲቸር፣ በጉን ስንት አልሽው?" በገመድ ስለምጎትተው ነው። ውሻ በገመድ ይዞ የሚዞር እዚህ ሰፈር እኔ ብቻ ነኝ። "አይሸጥም" አልኩት። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ እንዲህ የሳቅኩበት ክረምት ትዝ አይለኝም።

ሐምሌ 9
ጉድ ሆንኩ። ጊቢ እንደገባን አመለጠኝ። የአከራዬ የእትዬ ሰፍያ የሶላት ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጎትቶ አወረደው፣ ተንከባለለበት፣ ላሰው።

በኦሞ ሁለቴ አጠብኩ። ተኮስኩ። አጣጥፌ ወሰድኩላት። በእጇ እንኳ አልነካችውም።

"ቲቸር፣ ሰባት ጊዜ ነው። አንዱ በአፈር።"

"በአፈር? የጸዳውን?"

"ውሻ የላሰው እንደዛ ነው የሚጸዳው። ኦሞ አያውቀውም።"

ስምንት ዓመት አንድ ጊቢ ኖሬ ይሄን አለማወቄ... የሰው ልጅ አስተምራለሁ ደግሞ።

ሐምሌ 10
ንጹህ አፈር ፈልጌ፣ ነፍቼ፣ ሰባት ጊዜ አጠብኩ። ቧንቧ አልመጣም፤ ሁሉም በጀሪካን። ክንዴ ዝሏል። ተቀበለችኝ። "አላህ ይስጥሽ" አለች። እፎይ ልል ስል...

"ውሻው ግን ይሂድ፣ ቲቸር። በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ። የት ነካ፣ የት ላሰ እያልኩ መኖር አልቻልኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እውነቷን ነው እኮ። እኔስ? እኔም እውነቴን ነው። አልሰጠውም።

ሐምሌ 14
ሰፍያ መላ አመጣች። የወንድሟ ልጅ ኡበይድ ገጠር እንሰት አለው፤ ከርከሮ አስቸግሮታል፤ ውሻ ይፈልጋል። እስቲ ልየው ብዬ ቡላን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት በእግር። ሁለታችንም እስከ ሆዳችን ጭቃ።

ኡበይድ ደግ ሰው ነው። ቆጮ በጎመን አበላን። ለቡላም ወረወረለት። ከዛ ቦታውን አሳየኝ። አንድ ግንድ፣ አንድ አጭር ሰንሰለት። የበፊቱ ውሻ ሲዞር ሲዞር መሬቱን ክብ አርጎ በልቶታል።

"ቀን ይታሰራል፤ ሲመሽ እንለቀዋለን። የሁሉም ውሻ እንደዛ ነው።"

ቡላ እግሬ ላይ ተቀመጠ። ከነጭቃው። "ይቅርታ፣ አልሰጥም" አልኩ። ኡበይድ ሳቀ። "ውሻ እኮ ነው፣ ቲቸር።"

አውቃለሁ ውሻ እንደሆነ። ሲሸተኝ አይደል እንዴ የምውለው?

ሐምሌ 18
ቤት ፍለጋ። አምስት በር አንኳኳሁ። ልጅ አለሽ? የለኝም። እንግዳ ይበዛብሻል? አይበዛብኝም። ፊታቸው ይፈካል። ከዛ ቡላ ራሱን ያራግፋል... የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መልስ አንድ ሆነ። አምስተኛዋ ሴትዮ የለበሰችው ነጭ ነበር። ከነገርኳት በላይ ገባት።

ሐምሌ 22
ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ ደወለ። "ለውሻ ብለሽ ጎዳና ልትወጪ ነው?" ዘጋሁበት።

ሐምሌ 27
ተገኘ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ክፍል። ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ከትምህርት ቤቴም ሩቅ። ስለ ውሻው ስነግረው አከራዩ "አስር ውሻም አምጪ" አለኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሐምሌ 30
ወጣሁ። ሙባሪክ ዕቃዬን በሦስት ምልልስ አደረሰልኝ። ቡላ በመጨረሻው፣ ከፍራሹ ጋር። "ይሄ ሽታ እስከ ጳጉሜን አይለቀኝም" እያለ ጫነው።

ሰፍያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ደህና ሁኚ፣ ዘርፈሽዋል" አለችኝ። ቲቸር አላለችም፤ በስሜ ጠራችኝ። ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ። ስምንት ዓመት... ስታመም አጥሚት ሠርታ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ቆጨኝ? አዎ ቆጨኝ። እመለሳለሁ? አልመለስም።

ነሐሴ 6
ዝናብ። ወጣን። ጤና ጣቢያ ስኳሬን ለኩኝ፤ ወርዷል። ነርሷ "ምን ተገኘ?" አለችኝ። ውሻ አልኳት። የቀለድኩ መሰላት።

ነሐሴ 15
ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። "ቲቸር፣ እሰሪው!"

ሰፍያ። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጫማዋ በጭቃ አይታይም። ቡላን አሰርኩ። ገባች። ጣሪያውን አየች። ከሥሩ የደረደርኳቸውን ባልዲዎች አየች። ወፍጮው ተነሳና ብርጭቆዎቼ መንጫጫት ጀመሩ።

"የኔን ቤት በዚህ ነው የለወጥሽው?"

"አዎ።"

"ለውሻ?"

"ለውሻ።"

ሳቀች። "ወላሂ፣ እኔ ለሟቹ ባሌ እንኳን እዚህ ቤት አልገባም ነበር።"

እስክናነባ ሳቅን። ናፍቃኝ ነበር። ነገርኳት። እሷ ደግሞ ክፍሌን እንዳላከራየችው ነገረችኝ። ሦስት ሰው ጠይቋት መልሳለች። ጊቢው ጭር ብሎባታል።

"ተመለሺ" አለች። "እሱ በጓሮ ይውጣ፣ በጓሮ ይግባ። እኔ የምሰግድበት በኩል ድርሽ እንዳይል።"

ደስ አለኝ። ግን አልቸኮልኩም። ሁለተኛ መባረር አልፈልግም። በጓሮ በኩል ያለው አጥር ነው፤ ምን በር አለና?

"በሩ ሲሠራ ያኔ እናወራለን" አልኳት።

ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። አናጢው ትናንት ጨርሶ ሄደ አለችኝ።