በአርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር በር አልወጣ ያለው የጽሕፈት ቤትዎ ሞተር

እርስዎን ነው፣ ክቡር የመንገድ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ጋዜጣውን ገልጠው ወደ ስፖርቱ ገጽ ሊያልፉ ሲሉ የያዝኩዎት ይመስለኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ አረፍ ይበሉ። አቀማመጥዎን እንደኔ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ወገብዎስ? የሌላውን ጤና በጥቅሉ ብመኝልዎ ይበቃ ነበር፣ ወገብዎን ግን ለይቼ የምጠይቀው በእጄ ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ ነው። እኔ ከአዲሱ መንገድ ዳር፣ ከአረንጓዴው የቆርቆሮ አጥር ወዲያ፣ ለሞተር ሳይክል የቆዳ መቀመጫ የምሠራው ሴት ነኝ። በደብዳቤዎችዎ ላይ «ግለሰቧ» የምባለው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፣ የቢሮ ቋንቋም አልችልበትም፤ ስለዚህ እንዳፌ እጽፋለሁ፣ ቅር አይበልዎ።

ምስጋናዎቼ ብዙ ስለሆኑ እንዳይምታቱብኝ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ለአጥሩ አመሰግናለሁ። አዲሱ መንገድ ሲመረቅ የኔና የጎረቤቴ የሰዓት ሠሪው አሮጌ ሱቆች የእንግዶችን ዓይን እንዳያስቀይሙ ተብሎ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ተተከለ። «ጊዜያዊ ነው» ተብለን ነበር፣ እግሩ ግን የተቀበረው በሲሚንቶ ነው። ምርቃቱ ካለፈ ሁለት ወር ሆነው፣ እንግዶቹም ወደመጡበት ተመልሰዋል፣ እኛ ብቻ ነን እስካሁን ተሸፍነን የቀረነው። መውጫ አልተውልንም ብዬ አልዋሽም። ትተውልናል፤ አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር።

ይህቺ ቁጥር ከየት እንደመጣች ልንገርዎ፣ ሪፖርቱ ላይ ላይኖር ይችላል። የጽሕፈት ቤትዎን ለኪ ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚለው፣ እሱም ስሙን ወዶታል። ያን ዕለት ሜትሩን ረስቶ ነው የመጣው። ሠራተኞቹ ብረቱን የት ላይ እናቁም ሲሉት፣ ራሱ መሃል ገብቶ እጁን ወደ ጎኑ ሰበሰበና አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ፣ ከዚያ «በቂ ነው፣ ሰው ያሳልፋል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሳንቲ ሜትሩን በኋላ የለካሁት እኔ ነኝ። እሱ በራሱ ልክ የሰውን ሁሉ ልክ ወሰደ፣ እርስዎም ፈረሙበት።

በኔ ሙያ እንዲህ የለካ ሰው በሳምንቱ ሱቁን ይዘጋል። እኔ ዘንድ ሰው ለመቀመጫ ሲመጣ በራሱ ሞተር ላይ እርጥብ አሸዋ የሞላ ጠፍጣፋ ከረጢት አስቀምጬ እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መሪውን ይይዛል፣ እግሩን ማሳረፊያው ላይ ያወጣል፣ ትንሽ ይቆያል። ሲነሳ ቅርጹ አሸዋው ላይ ይቀራል፤ ያንን በካርቶን አነሳና ስፖንጁን እቀርጽበታለሁ፣ ቆዳውን እቆርጥበታለሁ። የአንዱ ለአንዱ ሆኖ አያውቅም። ግድግዳዬ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ካርቶን ተሰቅሏል፣ አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ለዚህ ነው ሰውየውም ሞተሩም አንድ ላይ ውስጥ ድረስ መግባት ያለባቸው።

ሁለተኛ፤ በንብረትዎ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። አጥሩ ከመተከሉ አምስት ቀን በፊት እርስዎ ራስዎ ከተላላኪዎ ኋላ ተፈናጠው በዚሁ በር በሞተር ገብተዋል። ለመስክ ጉብኝት ሲወጡ ወገብዎ እያሰቃየዎት መሆኑን ነግረውኝ፣ ለሁለታችንም የሚሆን ጥሩ የቆዳ መቀመጫ ሥሪልኝ አሉኝ። አሸዋው ላይ አስቀመጥኩዎ። ሲነሱ ሳየው የግራው ጉድጓድ ከቀኙ በሁለት ጣት ይጠልቃል። ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያጋድሉት ብዬ ብጠይቅዎ፣ የቀኝ የኋላ ኪስዎ ውስጥ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ከነሳጥኑ ተቀምጦ ተገኘ። «ሰው እጅ እንዳይገባ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አክብሬዎት ዝም አልኩ እንጂ፣ ወገብዎን የሚያሳምምዎ እሱ ነው።

ከዚያ ሞተሩን ትተውልኝ በእግርዎ ወጡ። መቀመጫው ካለቀ ቆየ፤ ጥቁር ቡናማ የበሬ ቆዳ ነው፣ ስፌቱ ድርብ፣ ከኋላ ለወገብዎ ትንሽ ድጋፍ አበጅቼለታለሁ፣ በዚያ በኩል የሚያፍሩበት አይደለም። የሞተሩ መሪ ግን ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ነው።

እኔም እንደ ደንቡ ደብዳቤ ጻፍኩ። መሪው በአራት ብሎን ነው የተያዘው፣ ፈትቼ ላውጣውና ውጪ ልግጠመው አልኩ። «የመንግሥት ንብረት ባልተፈቀደለት ሰው አይፈታም» ተባልኩ። እሺ ብዬ፣ እንግዲያውስ ከአጥሩ አንዱን ቆርቆሮ፣ ስምንት ብሎን ነው፣ ፈትቼ ሞተሩን ካሳለፍኩ በኋላ መልሼ ልሰረው አልኩ። «አጥሩም የመንግሥት ንብረት ነው» ተባልኩ። ሦስተኛው ደብዳቤ ደግሞ ከእርስዎ መጣ፤ ግለሰቧ የጽሕፈት ቤቱን ሞተር ይዛ አላስወጣም ስላለች፣ እስከ መጪው ዓርብ ካላስረከበች ሱቁ ይታሸጋል፣ እሷም በሕግ ትጠየቃለች ይላል። የሞተሩም የአጥሩም ብሎን በአንድ ቁጥር መፍቻ ነው የሚፈታው፣ መፍቻውም ጠረጴዛዬ ላይ ከወስፌዬ አጠገብ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ እንተያያለን።

ሦስተኛ፤ ለሙያ ምክርዎ። በጎኔ ሾልኬ ቢሮዎ ድረስ የመጣሁ ዕለት «በበሩ የሚያልፍ ዕቃ ሥሪ፣ ቀበቶ ምናምን» ብለው መከሩኝ። ሠራሁ። አሁን ቀበቶ አለኝ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ፣ ሱሪው ያልቃል እንጂ ቀበቶዬ አያልቅም። ሞተረኞቹ ግን ቀበቶ አይደለም የሚፈልጉት። መጥተው ከአጥሩ ማዶ ጥሩንባ ያሰማሉ፣ እኔ በምስማር ቀዳዳው አጮልቄ አያቸዋለሁ። አንዱን አሸዋዬን ተሸክሜ ወጥቼ መንገድ ላይ ልለካው ስል ትራፊክ መጥቶ «እህቴ፣ እዚህ መቆም አይቻልም፣ መቀመጥማ ጭራሽ» ብሎ አባረረን። ሰውየው እየሄደ «ስትወጪ ደውይልኝ» አለኝ። እስረኛ ነው እንዲህ የሚባለው።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልድ ያልቅብኛል፣ ይታገሱኝ።

አባቴ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የሚኖረው። የፈረስ ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ ፈረስ የሚጋልብ ሲጠፋ «ያው ነው፣ ፈረሱ ብቻ ነው የተቀየረው» ብሎ ሞተር ላይ ያስጀመረኝ እሱ ነው። እግሮቹ ከከዱት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለ ጎማ ወንበሩን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ብረቱን አስበየድኩ፣ መቀመጫውን እንደማንኛውም ደንበኛ አሸዋ ላይ አስቀምጬ በልኩ ቆረጥኩለት። ወንበሩ አይታጠፍም። ስፋቱ ስልሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው።

በየጠዋቱ መንገዱ ጥግ አወጣው ነበር። እዚያ ፀሐይ እየሞቀ፣ የሚያልፈውን ሞተረኛ ሁሉ «አንተ ልጅ፣ ያ መቀመጫህ ጀርባህን ይጨርሰዋል፣ ግባና ልጄ ትይልህ» ይለዋል። ግማሹን ደንበኛ ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ለእሱ ግን ሥራው ሰው ማየት ነበር። አሁን ሰባ ሰባት ቀኑ ነው ከዚያች ክፍል ካልወጣ። መስኮቷም ወደ አጥርዎ ነው የምታየው።

አንዴ ሞክረናል። ሰዓት ሠሪው ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ ማን ይሁን? ሽቦ። ከሥራ መልስ መጥቶ «አባባ፣ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ላውጣዎት» አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። ሁለቱም በጎን ሆነው ከወንበሩ አንስተውት መሃል ላይ ሲደርሱ አባቴ ብረቱ ላይ ተያዘ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። እጅጌው ተቀደደ፣ ትከሻው ተላጠ። ከአጥሩ ማዶ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። አባቴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «መልሱኝ ልጆቼ፣ እኔ ጥቅል ቆዳ አይደለሁም» አላቸው። መለሱት።

ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሲነቃ «ሽቦ ዛሬ ሜትሩን ይዞ መጣ?» እያለ ያስቀኝ ነበር። እኔም «መንገድ ላይ ነው» እለው ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አይጠይቅም። ወንበሩንም ራሱ ገፍቶ ወደ ግድግዳው አዙሮታል።

አምስተኛው ጥያቄ ነው። ዓርብ ሠራተኞችዎ ሱቁን ሊያሽጉ ሲመጡ በዚያችው ክፍተት አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ያለውን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ የስፌት መኪና አንድ፣ ጠረጴዛ ሁለት፣ ስፖንጅ፣ ሙጫ፣ ሞተር አንድ። ከዚያ ወደ ጓዳ ይዘልቃሉ። አባቴን ምን ብለው ይጽፉታል? ከሞተሩ በላይ ነው ወይስ ከሞተሩ በታች? እኔን ያስወጡኛል፣ በአርባ ስድስቱ አልፋለሁ፣ ተምሬበታለሁ። እሱን በየት ያስወጡታል? ወይስ እላዩ ላይ ያሽጉበታል?

የምለምነው አጥሩ ይፍረስ ብዬ አይደለም። አንድ ቆርቆሮ፣ ስምንት ብሎን ነው። እኔ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ሞተርዎም አባቴም በዚያው ይወጣሉ፣ ሲፈልጉ መልሼ አስረዋለሁ፣ አረንጓዴ ቀለምም እቀባዋለሁ። የሚጎድለው አንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ማኅተሙ የት እንዳለ ደግሞ እርስዎና እኔ እናውቃለን። ከኪስዎ ቢያወጡት በአንድ ድንጋይ ሁለት ሰው ይድናል፤ አባቴም ይወጣል፣ ወገብዎም ይሻለዋል።

ለሰጡኝ ጥላ፣ ለአረንጓዴው ቀለም፣ ለሦስቱም ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም ማንም ሳይገባ ማንም ሳይወጣ ላሳለፍኩት ጸጥታ ከልቤ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ ያማረ፣ በርዎም ሰፊ እንዲሆን በመመኘት፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
«ግለሰቧ»፣
የቆዳ መቀመጫ ሠሪ፣ ከአጥሩ ወዲያ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ አጥሩ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፣ ግን «መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ለጥፋችኋል። ስለዚህ በጋዜጣ መጣሁብዎ።

ሌላም አለ። መቀመጫዎን መጥተው እንዲሞክሩልኝ በአክብሮት ጋብዤዎታለሁ፤ ሞተሩ ሊመጣልዎ ስለማይችል እርስዎ ቢመጡለት ነው የሚሻለው። ከመምጣትዎ በፊት ግን ግድግዳዬ ላይ ያለውን ካርቶንዎን አውርጄ ለክቼዋለሁ። አርባ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው። ፊት ለፊት አያልፉም። በጎን ይሞክሩ እንዳልልዎ የሆድዎን ልክ አልወሰድኩም፣ የኔ ሙያ ከወገብ በታች ነው። ሽቦ ደብተሩ ላይ «ሰው ያሳልፋል» ብሎ የጻፈው፣ እርስዎም የፈረሙበት፣ እርስዎንም አባቴንም ሳይቆጥር ነው ማለት ነው።

መልስዎን በደብዳቤ አይላኩልኝ፣ በተላላኪም አይላኩብኝ፣ እሱም ምስኪን ሞተሩ እዚህ ስለሆነ በእግሩ ነው የሚመላለሰው። እስከ ሐሙስ፣ እዚሁ ጋዜጣ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በስምዎና በማኅተምዎ ይመልሱ፤ አባቴ የሚወጣው በየት በኩል ነው? ጋዜጣ በበራችን ያልፋል። አባቴም መነጽሩን አድርጎ ይጠብቅዎታል።