ሚጥሚጣ የገባበት ፋሂታ

ጌታነህ፣

ከአቃቂ ነው የምጽፍልህ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። የእህቴ ልጅ ትንቢት ቂሊንጦ ላለ ፋብሪካ የውጭ መሐንዲሶች ምሳ ለማቅረብ ትወዳደራለች። የዛሬው ፈተና ፋሂታ የሚሉት የሜክሲኮ የሥጋ ጥብስ ነበር። የማያቃጥል በርበሬ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ፣ የማንኪያውን አፍ በቢላ እያስተካከልኩ ራሴ ለክቼ ኑሪ ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ኑሪ ለሌላ ሰው ሚጥሚጣ ፈጭቶ መጨረሱ ነው። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ እፍኝ ገብስ ፈጭተው ወፍጮውን ያጸዳሉ። እሱ ቅመማችንን ዝም ብሎ ገለበጠው።

«ምን አደረግህ?» ስለው «ጋሼ፣ ትንሽ ቢያቃጥል ማን ይሞታል?» አለኝ።

ትንቢት ስትቀምሰው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሌላ ለማዘጋጀት ጊዜ ስላልነበረ በዚያው ሠራችው። ፋብሪካው በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጠርገው በሉት፤ ሥራውን ሰጡኝ» አለች። «ግን አጎቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ልክ እንደዛሬው ይሁን ብለዋል።»

የዛሬውን የሚጥሚጣ ልክ ኑሪም አያውቀው። ስለዚህ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን አልደርስም፤ ባለቤትህን አስካለችንና ልጆቹን ሳምልኝ። ይህን የምጽፍልህ አዲስ ቅመም ለክቼ ይዤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ሚጥሚጣ የሚያስፈጭ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

አጥናፉ