ሳትዞር ያረፍክበት ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወንበር ላይ ከመዋል ያመጣኸው የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያቃሰትክ ነው የምትነሳው? ባለቤትህን ጉንፋኑ ተዋት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ከማማረሩ በቀር ምንም አልል፤ የተናደደ ሰው ደህና ነው ከተባለ ደህና ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትስቅብኝ ነው። ነገሩ ከበድ ሲልህ ደግሞ መስመሩ ተቆራረጠ ትላለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። አንተ ቦርሳ አንግተህ ትምህርት ቤት ስትመላለስ እኔ የሰው ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ያውም በልጄ አስተማሪነት ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ቀስ ብለህ አንብበው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የአውሮፕላን ሜዳው ኃላፊ ልጄን ከበረራ አግዷታል። የአብራሪነት ፈቃድ ፈታኙ እዚህ የሚመጣው በዓመት አንዴ መሆኑን ታውቃለህ፤ የሚመጣውም በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንድ ካፒቴን ሊያርፍ ሲል ፊቱ ገብታበታለች ተብሎ ነው የታገደችው። ካፒቴኑ ማን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ሻይ ነው የምሸጠው። ግን ሻይ ቤቴ ከመንደርደሪያው ዳር ስለሆነ የሜዳውን ሥርዓት ሳልወድ ለምጄዋለሁ። እናንተ ትልልቆቹ ጋ ማማ ላይ የተቀመጠ ሰው "አሁን እረፍ፣ አሁን ቆይ" ይላችኋል። እዚህ ማማ የለም፤ ትራፊክ ፖሊስ የሌለበት አደባባይ በለው። የሚመጣ ሁሉ የት እንዳለና ወዴት እንደሚታጠፍ ራሱ በራዲዮ ይናገራል፤ የሌላውንም ይሰማል። ዘንግ ላይ ከተሰቀለው ጨርቅ ነፋሱን አይቶ፣ ሜዳውን በግራው አድርጎ ይዞርና ከፊቱ ያለውን አስቀድሞ በተራው ያርፋል። የልጄ አስተማሪ፣ ያ ተማሪዎቹ አቶ ጭቅጭቅ የሚሉት ሽማግሌ፣ ሻዩን እየጠጣ እንኳ ዝም ያለ አውሮፕላን የሚበር ቋጥኝ ነው ይላል።

ልጄ ያን ቀን ለብቻዋ ነበር የምትበረው። በየመታጠፊያው ስትናገር ባንኮኒዬ ላይ ካለችው ራዲዮ ሰምቻለሁ። የአንተን ድምፅ ግን ማንም አልሰማም። የመጨረሻውን ታጥፋ ወደ መሬት ስትወርድ አንተ ሳትዞር፣ ከሩቅ ቀጥ ብለህ፣ ከጀርባዋ መጣህ። ሣሩ ላይ የቆመው አቶ ጭቅጭቅ በእጅ ራዲዮው ወደ ቀኝ ውጪ ብሎ ባይጮህላት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ወሬ ነበር። ትሪ ይዤ ነበር፤ የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም። አንተ አርፈህ ወረድክ። እሷ ዞራ ተመልሳ አረፈችና ክንፉ ሥር ቁጭ አለች።

ከዚያ ጓዳዬ ገብተህ ዳቦ እየቆረስክ ያልከኝን ላስታውስህ፦ "እትዬ፣ ራዲዮውን ከተነሳሁበት ማማ መስመር ሳልቀይረው ቀርቼ ነው። እነሱ ሲነግሩኝ መስማት ለምጄ፣ እዚህ ተናጋሪው እኔ መሆኔን ጨርሶ ዘነጋሁት። ለማንም እንዳትነግሪ።" ሰው ይዘነጋል፣ ነውር የለውም። አንተ ግን አፍህን ጠርገህ ወጣህና መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ የኃላፊውን ትከሻ መታ መታ እያደረግክ፣ ልጅቷ ሳትናገር ፊቴ ገባችብኝ አልከው። ይህን የሰማሁት ከተነሳህ በኋላ ነው። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ካፒቴን ነህ ብዬ አልምርህም ነበር።

አቶ ጭቅጭቅ ቢከራከርላት ለተማሪህ አደላህ አሉት። እሷም የጓዳውን ምስጢርህን ሳልገልጥላት ስለ አንተ ለኃላፊው ልናገር ስላት፣ እማዬ አጎቴን እንዳታዋርጂው ብላ ለመነችኝ። ይህም ይሁን። አንጀቴን ያሳረረው ትናንት ነው። ብርጭቆ እያጠበችልኝ ሳለ ቀና ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እማዬ፣ የተናገርኩ መስሎኝ ሳልናገር ቀርቼ ይሆን እንዴ?" በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ ብላት እናት ስለሆንሽ ነው አለችኝ። አየህ ወንድሜ? ፈተናው ለከርሞ ይደርሳል። አንተ ግን ልጄ የገዛ አፏን እንዳታምን አደረግካት፤ ራሱን የማያምን ሰው ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ እንዴት ይበራል?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ጓዳዬ ውስጥ ነቅዟል። እስከ እሁድ ለኃላፊው ደውለህ ለእኔ ያልከውን ለእሱ በል። ካልደወልክ ሰኞ ጠዋት ልጄን አጠገቤ አቁሜ እኔ እነግረዋለሁ። እሱ አላምንም ቢል የራሱ ጉዳይ ነው፤ እሷ ግን ትሰማኛለች።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ነገ የሚነሳው የፖስታ አውሮፕላን አብራሪ ነው። አትስጋ፣ እሱ ሲመጣ ይናገራል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ አንገቴን አሙቆልኛል፣ በአንተ ጥፋት እሷን አልቀየማትም። ትልቋ ልጅህን አክስትሽ ሳመችሽ በልልኝ። የትንሹ ጥርስ በቀለ? ጉንጩን ሳምልኝ። አማትህን በእኔ ስም ጎንበስ ብለህ እጅ ንሳልኝ፤ መጎንበሱ ለአንተም ይበጅሃል።

ታላቅ እህትህ
ከሜዳው ሻይ ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ስድስት ቀን