የእናትሽ ግራ እጅ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሰላም እልሻለሁ። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? ያ አስም የሚያስቸግረው ትንሹ ልጅሽ የዘንድሮን ብርድ እንዴት ቻለው? ማታ ማታ ደረቱን አልብሱት። እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። መስመሩ ወጣ ገባ ቢልብሽ ዓይኔን እንጂ እጄን አትውቀሺ።

ከካዛንቺስ ጎተራ ድረስ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ዘውዲም፣ "አባባ፣ በሁለት ታክሲ ለሚደረስበት ሰው ደብዳቤ? ልደውልልዎት እንጂ" ብላኝ ነበር። በስልክ ከሆነ አንቺ ትቆጪያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋዋለን። በወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ አትመልሺልኝም።

እናትሽ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ቀኝ ጎኗ አልተመለሰም፤ አፏም እንደተያዘ ነው። ሐኪሙ፣ "ስትሮኩ ከደገማት አትተርፍም፣ ቤት ይዛችኋት ተንከባከቧት" ብሎ አሰናበተን። እኔ አጎርሳታለሁ፣ ዘውዲ ልብሷን ትለውጥላታለች። ሆስፒታል እንደመጣሽ አይቻለሁ። አንቺ ስትገቢ ወጥቼ ኮሪደር ላይ የቆምኩት አንቺን ላለማየት ነው፤ አልዋሽሽም። ከደጄ እንዳትደርሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ያን ቃሌን እስከ ዛሬ አላነሳሁም።

በዘውዲ የላክሽው የነቢይሽ ዘይት ደርሷል። እናትሽ እንዳታየው መስኮቱ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኩት። ሐዋርያትም ድውዮችን ዘይት ይቀቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ፎቷቸውን ግን ጠርሙስ ላይ አልለጠፉም።

መስቀል ፍላወር ወዳለው የነቢዩ አዳራሽ መሄድ የጀመርሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ኮንዶሚኒየሙ ሲወጣልሽ፣ "ነቢዩ አስቀድሞ ነግሮኛል፣ የዘራሁት ዘር ነው ያፈራው" አልሽኝ። እኔም፣ "ከአንቺ በላይ ፎቅ ለምትኖረው ለዙለይካስ የማን ዘር አፈራላት?" አልኩሽ። ያን ቀን ስቀሽ ነበር። በኋላ ግን መሳቁን ተውሽና፣ "አባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ አገልግለህ በቀበሌ ቤት የቀረኸው እምነት ስለሌለህ ነው" አልሽኝ።

እኔ አስኳላ አልገባሁም። የመሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እየጠገንኩ ፊደሉን ከዚያው መኪና ላይ ለቅሜ፣ ቃሉን በራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ በዚህችው ቀበሌ ቤት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ስንጸልይ፣ ደጅ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ሰው ሲመጣ በሳል የምታስጠነቅቀን እናትሽ ነበረች። ያኔ ቤት ስጠን ብሎ የጸለየ አልነበረም። ያለንን እንዳይወስዱብን እንኳ አልለመንንም።

እናትሽን ወደዚያ አዳራሽ እንደወሰድሻት ባወቅሁ ቀን አባረርኩሽ። እሷን ግን ማስቆም አልቻልኩም። እሁድ ጠዋት ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ደርባ ወደዚያ ትወጣለች። አንድ ቀን፣ "እዚያ ሄደሽ የምትለምኚው ምንድን ነው?" አልኳት። "ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ይሉ የለ፤ ቤት ነዋ" አለችኝ። "ሌላስ?" ስላት፣ "ሌላውን ለአንተ አልነግርም" አለች። እግዚአብሔርን ኮንዶሚኒየም የምትለምን ሴት አግብቼ ኖሬያለሁ ወይ ብዬ ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

በቤተ ክርስቲያናችን ያለውን ደንብ ታውቂዋለሽ። የብልጽግናን ወንጌል የሚከተል ሰው በጉባኤ ፊት ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከጌታ እራት ይታገዳል። አርቅቄ ያስጸደቅሁት እኔ ነኝ። ወንድም ታዲዎስ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሥቶ፣ "ጋሼ፣ ማን እንደዳነ የሚያውቀው ጌታ ነው፤ እዚያም ውስጥ የእሱ ልጆች ይኖራሉ" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። "እንግዲያው ለጥምቀት የሚመጣውን ሁሉ ለምን እንፈትናለን? በሩን ከፍተን ወደ ቤታችን እንሂዳ" ብዬ ዝም አሰኘሁት። ወንጌሉ ሌላ ከሆነ የሚከተለው ሰው የተከተለው ሌላ ጌታ ነው። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። እናትሽም ደንቡ ከጸደቀ ወዲህ ኅብስቱ ሲዞር አንገቷን ደፍታ ለሚቀጥለው ታሳልፍ ነበር እንጂ አንድ ቀን አልተከራከረችኝም። ንስሐም አልገባችም።

በዚህ ወር የመጀመሪያ እሁድ ታዲዎስ ኅብስቱንና ጽዋውን ይዞ ለበሽተኞች ሲያዳርስ እኛ ቤት ገባ። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ እንስጣት ወይ?" አለኝ። "ትፈተን" አልኩት።

ግራ እጇን ያዝኩ። "አዎ ከሆነ ጨበጥ አድርጊኝ፤ አይደለም ከሆነ ልቀቂኝ" አልኳት። "የዳንሽው በክርስቶስ ደም ነው?" ጨበጠችኝ። ታዲዎስ ፊቱ በርቶ ኅብስቱን ሊቆርስ እጁን ሰደደ። "ቆይ" አልኩት። እንደሱ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ የማይል የለም። "በዘራሽው ዘር ነው የዳንሽው?" ጨበጠችኝ። "በነቢዩ ቃል ነው?" ጨበጠችኝ። "ቤት ካልሰጠሽ ጌታን ትተዪዋለሽ?" አሁንም ጨበጠችኝ። የምጠይቃት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ዝም ስልም እንደጨበጠችኝ ነበረች።

ታዲዎስ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እየመለሰችልዎት እኮ አይደለም። እጅዎን ይዛ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ይዘኸው ሂድ" አልኩት።

ይዞት ሄደ። እናትሽ እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ታዲዎስን ይሁን ኅብስቱን እንጃ።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሆንኩ ልነግርሽ አልችልም። ስንቱን ፈትኜ ስንቱን መልሼአለሁ፤ "ገና ነህ፣ ሂድና ተማር" ስል ምላሴ አይያዝም ነበር። አሁን ያስተማርኩት እውነት ከሆነ ይህች ሴት ጠፍታለች። ይህች ሴት ካልጠፋች ደግሞ እኔ ያን ሁሉ ሰው የመለስኩት በምንድን ነው? እጸልያለሁ፤ የሚመጣልኝ መልስ የለም። እሷን አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች።

ስለዚህ አንቺን እጠይቃለሁ። በዚያ አዳራሽ አጠገቧ የቆምሽው አንቺ ነሽ። እጇን አንሥታ ስታለቅስ ምን ትል ነበር? መስቀሉን አንድ ቀን ጠርታ ታውቃለች? ወይስ ቤት፣ ቤት ብቻ ነበር? "ለአንተ አልነግርም" ያለችኝስ ነገር ምን ነበር? አንድ ሰሞን ዓይኔን የምጠርግበት መሐረብ ጠፍቶብኝ፣ በሳምንቱ ዘይት ዘይት እየሸተተ ኪሴ ውስጥ ተመልሶ አገኘሁት። ያኔ ተቆጥቼ ወረወርኩት እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። አሁን ብጠይቃት እጄን ትጨብጠኛለች። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ አትጨምሪ፤ እኔን ለመጉዳት ብለሽም አትቀንሺ። ታዲዎስ በታኅሣሥ የመጀመሪያ እሁድ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በፊት ልወቅ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚያው እሁድ ለእኔም ኅብስት እንዳይሰጠኝ ለታዲዎስ ነግሬዋለሁ። "እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ ጋሼ?" ሲለኝ፣ "ደንቡን ታውቀዋለህ" አልኩት። ሌላ አልነገርኩትም።

የእናትሽ ቀኝ እጅ ያው ነው። ጧት ማታ ባሸውም አንዲት ጣት አልተንቀሳቀሰችም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ። የትንሹን ደረት ያሽርልሽ። ከባልሽ ጋር በፍቅር ያኑርሽ፤ የልጅ ክፉ አያሳይሽ።

ጠርሙሱ ባዶ ሆኗል። ሌላ ካለሽ በዘውዲ አትላኪው፤ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

አባትሽ