ከስንዴው ብዛት በቀር ደህና ነን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ከረምሽ? የፋብሪካው ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽና ከስንዴው ብዛት በቀር ደህና ነን።

የዘንድሮው ምርት ጉድ ነው። ጎተራው ሞልቶ ጆንያው ቤት ገባ፤ ያንቺ አልጋ ላይ እንኳ አራት ኩንታል ተኝቷል። እናትሽ ባለፈች ቁጥር "እንግዶቼ፣ እንዴት ዋላችሁ?" ትላቸዋለች። ሦስት ጊዜ ገበያ ወስጄ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ ከኔ በላይ አገር ያየ ስንዴ ነው። ነጋዴው አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበረና "እርጥበት አለው" አለኝ። እንደ ጠጠር የደረቀውን ስንዴ። "እርጥቡ ያንተ አፍ ነው" ብዬ ብመልስለት ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴውም ሳቀ፤ የጠራው ዋጋ ግን የማዳበሪያውን እንኳ አይመልስም።

ማረሻዬን ጎረቤታችን ቢጠይቀኝ አዋስኩት። አልቸኩልበትም ብዬዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ፋብሪካችሁ ለጥበቃ ሥራ እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ድረስ ይቀጥራል? የምጠይቅሽ ለአንድ ወዳጄ ነው። ጠንካራ ሰው ነው፤ በቁመትም በዕድሜም እኔን ያህላል። ስትደውይ ለእናትሽ እንዳታነሺላት፤ ወዳጄን አታውቀውም።

አልጋሽን እስክናስለቅቅልሽ ድረስ በሰላም ቆዪኝ።

አባትሽ